ኮንቴይነር በኮንቴይነር ውስጥ፦ የአንድ የሶፍትዌር ሐሳብ ታሪክና የዛሬ ጥቅሙ

በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ያልመለስኩት አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የማስተርስ መመረቂያ ሥራዋን ስታቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ። በሠራችው ሥርዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ድርጅት ከዋናው ኮንቴይነር ሥር የተለየ የልጅ ኮንቴይነር ከፍታ ነበር። «ይህ ያረጀ አሠራር አይደለም ወይ? ዛሬ ማን ይጠቀምበታል?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም በትሕትና፣ ግን ሳትሸማቀቅ፣ «መምህር፣ ያረጀው የትኛው ክፍሉ ነው?» ስትል መለሰችልኝ። አዳራሹ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። ዛሬ የማቀርብላችሁ ታሪክ ያንን መልስ ስፈልግ ያገኘሁት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከሌሎች የትምህርት ዘርፎች ለመጣችሁ በቅድሚያ ጉዳዩን ላስረዳ። ፕሮግራም በርካታ ኦብጀክቶች ተባብረው የሚሠሩበት ነገር ነው። ክፍያ የሚፈጽም ኦብጀክት ዳታቤዙን የሚያነጋግር ሌላ ኦብጀክት ያስፈልገዋል፤ ያኛውም በተራው ሌላ ይፈልጋል። ፈላጊው የሚፈልገውን ራሱ ከፈጠረው ሁለቱ ይጣበቃሉ፤ አንዱን ለመለወጥ ሌላውን መንካት ግድ ይሆናል። ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የምንለው አሠራር ይህንን ይገለብጠዋል። ኦብጀክቱ የሚያስፈልገውን አይፈጥርም፣ ፈልጎም አያመጣም፤ ከውጭ ይሰጠዋል። ሰጪው ኮንቴይነር ይባላል። ኮንቴይነሩ ምን ከምን እንደሚሠራ የሚገልጽ መዝገብ ይይዛል፤ ሲጠየቅ ይሠራል፣ ያቀብላል፣ ጊዜው ሲደርስም የሠራውን ይዘጋል።

ከአንድ ኮንቴይነር ሥር ሌላ ሲከፈት ወላጅና ልጅ ይሆናሉ። ልጁ የተጠየቀውን በመጀመሪያ በራሱ መዝገብ ይፈልጋል፤ ካጣው ወላጁን ይጠይቃል። ወላጁ ግን ልጁን አይጠይቅም። ብዙ ቤተሰብ በኪራይ የሚኖርበትን ግቢ አስቡ። ቧንቧው የጋራ ነው፤ ጄሪካኑ የየቤቱ ነው። ውኃ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ቤቱ ያለውን ጄሪካን ያያል፤ ባዶ ከሆነ ወደ ግቢው ቧንቧ ይወጣል። ተከራይ ሲለቅ ጄሪካኑን ይዞ ይሄዳል፤ ቧንቧው ይቀራል። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ነገሩ የት ይፈለጋል? ማንስ ያየዋል?» የሚለው ነው፤ ይህንን የመታየት ወሰን እለዋለሁ። ሁለተኛው «መቼ ይሠራል? መቼስ ያበቃል?» የሚለው ነው፤ ይህንን የዕድሜ ወሰን እለዋለሁ። የዛሬው ክርክሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ የልጅ ኮንቴይነር ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ መሣሪያ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነበር፤ ያረጀውም አንደኛው መልስ ብቻ ነው።

ሁለቱን የማጣመር ልማድ ከኮንቴይነሮች እጅግ ይቀድማል። በ1960 በፒተር ናውር አርታኢነት የወጣው የአልጎል 60 ሪፖርት ብሎክ የተባለውን አደረጃጀት በግልጽ ደነገገ። ብሎክ በብሎክ ውስጥ ይገባል። በውስጠኛው ብሎክ የተጠራ ስም እዚያው ካልተገለጸ ወደ ውጭ እየወጣን እንፈልገዋለን፤ በውስጥ የተገለጸ ስም በውጭ ያለውን ሞክሼውን ይጋርደዋል። ከብሎኩ ስንወጣ ደግሞ በውስጡ የተገለጹት ተለዋዋጮች ያበቃሉ። መታየትና ዕድሜ በአንድ ግድግዳ ተከለሉ ማለት ነው። ሆኖም የሪፖርቱ ጸሐፊዎች ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ያውቁ ነበር። «ኦውን» የሚል ቃል ጨመሩ። በዚህ ቃል የተገለጸ ተለዋዋጭ የሚታየው በብሎኩ ውስጥ ብቻ ነው፤ ዋጋው ግን ከብሎኩ ከወጣን በኋላም ይቆያል፤ ተመልሰን ስንገባ እንደተውነው እናገኘዋለን። የዚህ ቃል አፈጻጸም ብዙ አከራክሯል። የክርክሩ መኖር ራሱ ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ የሚታይበት ቦታና የሚኖርበት ዘመን የተለያዩ ጉዳዮች እንደሆኑ ከመነሻው ታውቆ ነበር።

ወደ ኮንቴይነሮቹ እንምጣ። ራልፍ ጆንሰንና ብራያን ፉት በ1988 እንደገና ጥቅም ላይ ስለሚውሉ ክላሶች ባሳተሙት ጽሑፍ «የቁጥጥር መገለባበጥ» የሚለውን ሐሳብ አብራሩ። በፍሬምዎርክ ውስጥ የፕሮግራመሩ ኮድ ፍሬምዎርኩን ከመጥራት ይልቅ ፍሬምዎርኩ የፕሮግራመሩን ኮድ ይጠራል። ይህ ሐሳብ በጃቫ ዓለም በተለይ የተፈለገው ከ1990ዎቹ መጨረሻ በኋላ ነው። የዘመኑ ትላልቅ የጃቫ ሰርቨሮች ኦብጀክቶቹ የሚያስፈልጋቸውን ከማዕከላዊ የስም ማውጫ ራሳቸው ፈልገው እንዲያመጡ ያስገድዱ ነበር። ኮዱ ከሰርቨሩ ጋር ይጣበቃል፤ ያለ ሰርቨሩ መፈተሽ አይቻልም። ሮድ ጆንሰን በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አሠራር ተቸ። ከመጽሐፉ ጋር የቀረበው ኮድም የስፕሪንግ ፍሬምዎርክ መነሻ ሆነ፤ የስፕሪንግ 1.0 እትም በመጋቢት 2004 ወጣ። በ2003 ደግሞ ፖል ሃማንት፣ አስላክ ሄለሶይና ባልደረቦቻቸው ፒኮኮንቴይነርን ሠሩ። ማርቲን ፋውለር በጥር 2004 ባወጣው ጽሑፍ «የቁጥጥር መገለባበጥ» ከመጠን በላይ ሰፊ ስያሜ መሆኑን ገልጾ «ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን» የሚለውን ስም አስተዋወቀ።

ፒኮኮንቴይነር ለታሪካችን ልዩ ትርጉም አለው። ትንሽ ነበር፤ ትንሽነቱም ዓላማው ነበር። በተለመደው አጠቃቀሙ አንድ ኮንቴይነር ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ኦብጀክት ሠርቶ ያስቀምጣል፤ በተጠየቀ ቁጥር ያንኑ ያቀብላል። ታዲያ ለተለየ ዕድሜ ምን ይደረግ? መልሱ ሌላ ኮንቴይነር መክፈት ነበር። የድር መተግበሪያ ሦስት ዕድሜዎች አሉት። አንዳንድ ነገር መተግበሪያው እስካለ ይኖራል፤ አንዳንዱ ተጠቃሚው ገብቶ እስኪወጣ፤ አንዳንዱ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ተስተናግዳ እስክታበቃ። ስለዚህ ሦስት ኮንቴይነር ይከፈታል፤ አያት፣ ወላጅ፣ ልጅ። ጥያቄዋ ስታበቃ ልጁ ይዘጋል፤ በውስጡ ያሉትም አብረው ይዘጋሉ። በእኔ ዕይታ ይህ በእውነት ያማረ መፍትሔ ነበር። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፤ ያንንም ሕግ ማንኛውም ፕሮግራመር ከቋንቋው ብሎኮች ያውቀዋል። ዛሬ «ያረጀ» የምንለውን ነገር የፈጠሩት ሰዎች አላዋቂዎች እንዳልነበሩ ተማሪዎቼ እንዲያስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

ችግሩ የመጣው በአጠቃቀም ነው። ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው ከስፕሪንግ ነው። በስፕሪንግ የድር መተግበሪያ ለረጅም ዘመን በሁለት እርከን ይዋቀር ነበር፤ የጋራ አገልግሎቶች በወላጁ፣ የድር ጥያቄ ተቀባዮች በልጁ ይመዘገባሉ። ፕሮግራመሩ ሳያስተውል አንዱን አገልግሎት በሁለቱም እርከን ካስመዘገበው ሁለት ቅጂ ይፈጠራል፤ የልጁ ቅጂ የወላጁን ይጋርዳል። በስፕሪንግ ደግሞ ኦብጀክቶችን ከተሠሩ በኋላ የሚያሟሉት ረዳቶች የሚሠሩት በተመዘገቡበት እርከን ብቻ ነው። የዳታቤዝ ግብይትን የሚያስተዳድረው ረዳት በወላጁ ብቻ ከተመዘገበ የልጁ ቅጂ ያለ ግብይት ጥበቃ ይሠራል። ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ስሕተት አያሳይም። ግማሽ መንገድ ላይ የተቋረጠ የገንዘብ ዝውውር ግን ወደነበረበት አይመለስም።

ሁለተኛው ከጉግል ነው። ጁስ የተባለው ፍሬምዎርክ በ2007 ወጣ፤ የልጅ ኢንጀክተር የተጨመረለት በ2009 በወጣው በ2.0 እትሙ ነው። ጁስ በመዝገቡ ያልተጻፈ ክላስ ሲጠየቅም መሥራት ይችላል። በዚህ ጊዜ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ከላይ እስካለ ድረስ፣ ኦብጀክቱን በልጁ ሳይሆን በተቻለ መጠን ከፍ ባለው ቅድመ አያት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከልጁ የጠየቀ ፕሮግራመር የልጁን ያገኘ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን ልጆች ሁሉ የሚጋሩትን ነው።

ሦስተኛው ከራሴ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት፣ ስሙን ለማልጠራው አንድ ተቋም፣ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የሰነድ ማውጫ ሥርዓት ሠራን። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የልጅ ኮንቴይነር እንከፍት ነበር። «አሁን ያለው ተጠቃሚ» የሚባለው ኦብጀክት በየኮንቴይነሩ አንድ አንድ እንዲሠራ ተመዝግቧል፤ ሲፈጠርም በዚያች ቅጽበት እየተስተናገደ ያለውን ሰው ማንነት ይይዛል። ሰነድ አዘጋጁን ግን እኔ፣ ፍጥነት ለመጨመር ብዬ፣ ለመላው መተግበሪያ አንድ ብቻ እንዲሆን አስመዘገብኩት። ሰነድ አዘጋጁ የሚሠራው በዋናው ኮንቴይነር ነው፤ ስለዚህ ተጠቃሚውንም ከዋናው ኮንቴይነር ወሰደ። ያም ተጠቃሚ ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ ሰነድ የጠየቀው ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ ሰው ስም ሰነድ ወጣለት። ስንፈትሽ አንድ ሰው ብቻ ይፈትሽ ስለነበር አላየነውም። ሰርቨሩ ሲጠፋና ሲነሣ ችግሩ የጠፋ ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ በሌላ ሰው ስም ይመለሳል። የሰው የግል መረጃ በሌላ ሰው እጅ ገባ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ኮንቴይነሮቹን በጥያቄ በጥያቄ ስለከለልኳቸው ይህ ሊደርስ አይችልም ብዬ ለባልደረቦቼ በልበ ሙሉነት መናገሬ ነው።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ኦብጀክት አጭር ዕድሜ ያለውን ይዞ የሚያስቀርበት፣ በኋላ ስም አገኘ። ማርክ ሲማን በ2014 «ምርኮኛ ጥገኛ» ሊባል የሚችል ስያሜ ሰጠው። ስሙ ትክክል ነው፤ መሄድ የነበረበት ተማርኮ ይቀራል። ልብ በሉ፤ ግድግዳው ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ወላጁ የልጁን ተጠቃሚ አላየም። እኔ የጠየቅሁት ግን የመታየትን ጥያቄ አልነበረም፤ የዕድሜን ጥያቄ ነበር። ለዕድሜ ጥያቄ የመታየት መልስ ተሰጠኝ፤ እኔም ልዩነቱን አላስተዋልኩም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የሁለቱ ጥያቄዎች መለያየት ታሪክ ነው። በ2006 የወጣው ስፕሪንግ 2.0 በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ለእያንዳንዱ ምዝገባ ዕድሜ መወሰን ፈቀደ፤ ይህ በጥያቄ ልክ፣ ያ በተጠቃሚው ቆይታ ልክ እየተባለ። በ2009 መጨረሻ በጃቫ ኢኢ 6 የተካተተው ሲዲአይ የተባለው መስፈርትም ጥያቄን፣ ቆይታን፣ ውይይትንና መተግበሪያን እንደ ዕድሜ ወሰን ደነገገ። ለዚህም ኮንቴይነር በኮንቴይነር ውስጥ መክፈት አላስፈለገውም። በ2014 የወጣው ስፕሪንግ ቡት የሁለት እርከኑን ልማድ ለአብዛኛው ሥራ በአንድ እርከን ተካው። በሰኔ 2016 የወጣው የማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ከነአብሮ-ገነብ ኮንቴይነሩ መጣ። በዚህ ኮንቴይነር ሦስት ዕድሜዎች ብቻ አሉ፤ ዘላቂ፣ በወሰን የታጠረና አላፊ። ወሰን ይከፈታል፤ ነገር ግን በወሰን ውስጥ ሆኖ ሌላ ወሰን የከፈተ ሰው ልጅ አያገኝም፤ ወንድም ነው የሚያገኘው። በወሰኑ ውስጥ አዲስ ምዝገባ መጨመርም አይቻልም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው 2.0 እትም ደግሞ በልማት ጊዜ ምርኮኛ ጥገኛን አይቶ ያስቆማል። እኔ ባፈርኩበት ዘመን ይህ ቢኖር ፕሮግራሜ ገና በልማት ላይ ሳለ ይወድቅ ነበር፤ እኔም እተርፍ ነበር።

ከማስረጃዎቼ ሁሉ ግልጹ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ጀረሚ ሚለር ከ2004 ጀምሮ ለዶት ኔት ስትራክቸርማፕ የተባለውን ኮንቴይነር ሠራ። ስትራክቸርማፕ በዘመኑ ሁለት ነገሮችን በስም ለይቶ ያቀርብ ነበር። አንዱ ለአጭር ሥራ ተከፍቶ የሚዘጋ፣ ዕድሜን ብቻ የሚያስተዳድር የውስጥ ኮንቴይነር ነው። ሁለተኛው የወላጁን ምዝገባ በራሱ የሚተካ የልጅ ኮንቴይነር ነው። ሚለር በ2018 ስትራክቸርማፕን በላማር ሲተካ የመጀመሪያውን ይዞ ቀጠለ፤ ሁለተኛውን ተወ። ለዓመታት ሁለቱንም ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ሸክሙ የትኛው እንደሆነ በሥራው መሰከረ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ «አዎን፣ አርጅቷል» ይሆን ነበር። ነገር ግን በዚያው በ2016፣ ማይክሮሶፍት ጠፍጣፋ ወሰን ይዞ በመጣበት ዓመት፣ ጉግል አንጉላር 2ን አወጣ። የቀድሞው አንጉላር ጄኤስ ለአንድ መተግበሪያ አንድ ኢንጀክተር ነበረው፤ አዲሱ ግን የኢንጀክተሮች ዛፍ ይዞ መጣ። አንድ የገጽ ክፍል የራሱን አገልግሎት ካስመዘገበ እርሱና ከሥሩ ያሉት ክፍሎች ያንን ያገኛሉ፤ ሌሎቹ ከላይ ያለውን። ይህ የጥንቱ ዛፍ ነው፤ ከእነ ሕጉ። ለምን እዚህ ሠራ? የተጠቃሚ ገጽ በተፈጥሮው ዛፍ ስለሆነ ነው። ቅጹ በገጹ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ በቅጹ ውስጥ ነው። ቅጹ ሲዘጋ ሣጥኑም ይዘጋል፤ የቅጹ ቅንብርም ለሣጥኑ መታየት አለበት። መታየትና ዕድሜ እዚህ በእውነት አንድ መንገድ ይሄዳሉ።

በአንድሮይድም ያው ነው። ስኩዌር በ2012፣ ቀጥሎም ጉግል በ2015 ያወጧቸው የዳገር እትሞች፣ ከዚያም በ2020 የመጣው ሂልት፣ እርከኖችን ይጠቀማሉ፤ ከመተግበሪያው ወደ አክቲቪቲ፣ ከአክቲቪቲ ወደ ፍራግመንት። ከጥንቱ የሚለያቸው ዛፉ ፕሮግራሙ ሲጠናቀር መታወቁ ነው። ሂልት እንዲያውም የእርከኖቹን ዋና ተዋረድ አስቀድሞ ወስኗል። ረጅም ዕድሜ ያለው አጭሩን ሊይዝ ቢሞክር ፕሮግራሙ አይጠናቀርም። የዛፉ ጥቅም ቀረ፤ ድብቅነቱ ሄደ።

የተማሪዬ ጉዳይ ደግሞ ሦስተኛው ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ድርጅቶች ሲስተናገዱ እያንዳንዱ የራሱ ዳታቤዝ፣ የራሱ የክፍያ ሕግ ሊኖረው ይችላል። ይህ የዕድሜ ጥያቄ አይደለም፤ ድርጅቱ ከሰርቨሩ ጋር እኩል ይኖራል። የመታየት ጥያቄ ነው። ኦቶፋክ የተባለው የዶት ኔት ኮንቴይነር ለዚሁ የተዘጋጀ ተጨማሪ አለው፤ ከዋናው ሥር ለየድርጅቱ ወሰን ይከፍታል፤ በየጥያቄው የሚከፈተውም ከዚያ ሥር ይሆናል። ጠፍጣፋ ወሰን ይህንን በቀጥታ አይሰጥም። «ድርጅቱን ለይቶ የሚመርጥ ኮድ መጻፍ ይቻላል፤ ከ2023 ጀምሮም የማይክሮሶፍት ኮንቴይነር በቁልፍ የሚለዩ ምዝገባዎችን ይቀበላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት አገልግሎት ከሆነ እኔም ያንን እመርጣለሁ። ልዩነቱ አርባ አገልግሎት ከሆነ ግን ምርጫው በአርባ ቦታ ይበተናል። አንዱ ቦታ ከተረሳ የአንዱ ድርጅት መረጃ ወደ ሌላው ይሄዳል። እኔ የሠራሁትን ስሕተት በሌላ በር ማስገባት ይሆናል።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። የልጅ ኮንቴይነር ዕድሜን ብቻ ለማስተዳደር ከተፈለገ ጊዜው አልፏል፤ ስም የተሰጠው፣ የሚፈተሽ የዕድሜ ወሰን ሥራውን በተሻለ ሁኔታ ይሠራል። ያው አገልግሎት በተለያየ ክልል የተለያየ ትርጉም ሲኖረው፣ ክልሎቹም እንደ ዛፍ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገኙ ግን ዛፉ ዛሬም ትክክለኛው ቅርጽ ነው። የማይጠቅመው የትኛውን ጥያቄ እየመለስን እንደሆነ ሳናውቅ መክፈቱ ነው።

ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በትምህርቴ አንድ ነገር ለውጫለሁ። ተማሪዎች ኮድ ከመጻፋቸው በፊት ለእያንዳንዱ ምዝገባ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሞላሉ፤ በአንዱ «ማን ያየዋል?»፣ በሌላው «መቼ ያበቃል?»። የሁለቱ ዓምዶች መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ዛፍ ይበቃቸዋል። ከተለያየ እዚያ ቦታ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እጠይቃቸዋለሁ። አሰልቺ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያ ሰነድ በእጁ የገባውን ሰው ፊት አይቻለሁ። በላዩ ላይ የተጻፈው ስም የእርሱ አልነበረም፤ ማን እንደሆነም ጠየቀኝ።

ተማሪዬ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ። ያረጀው የዕድሜው ክፍል ነው፤ አንቺ የተጠቀምሽው ያላረጀውን ነው። መልሴ አንድ ዓመት ዘግይቷልና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።